ድምፅማ አላት፤ ኖታ ታነባለች ወይ?

ባለፈው ዓመት ሰመሩ ሊያልቅ ሲል እህቴ ደወለችልኝ። ድምጿን ስሰማ ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። «ልጅህን አንድ በላት» አለችኝ። ልጅቷ ስታጠፋ ሁሌ የኔ ልጅ ናት፣ ኤ ስታመጣ ግን የሷ። «ነርሲንግ ትማራለች ስል ዘፈን ነው የምማረው ትለኛለች። ዘፈን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይኬድበታል?»

ይኬድበታል። መግባቱም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኔም ግን ከእህቴ ብዙ አልሻልም ነበር። ልጅቷ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፣ ሃይስኩል ኳየር (የመዘምራን ቡድን) ውስጥ አለች፣ ሰርግ ላይ ማይክ ከያዘች ክትፎ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ድምፅ ካላት ሌላ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ነበር የማስበው። ሄዳ ትዘፍናለች፣ ይሰሟታል፣ አለቀ። ከዚያ አንዲት የድምፅ አስተማሪ ጋ ወሰድኳት። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረችና «ድምፅማ አላት፤ ኖታ ታነባለች ወይ?» አለችኝ።

አታነብም። ሁሉንም በጆሮዋ ነው የምትይዘው። ለካ ዩኒቨርሲቲው የሚያያት ቫዮሊን ይዛ እንደመጣች ተማሪ ነው። ቫዮሊኑ ጉሮሮዋ ውስጥ መሆኑ ኖታ ከማንበብ አያድናትም።

ነገሩ እኛ ጋም አዲስ አይደለም። ዜማ ቤት የገባ ተማሪ ድምፁ ስላማረ ብቻ መሪጌታ አይባልም። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ስልቶች ይለያል፣ ከፊደሉ በላይ የተጻፈውን ምልክት እያየ ያዜማል፣ ድጓውን ስንት ዓመት ፈጅቶ ከዘለቀ በኋላ ደግሞ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። እህቴም ትንሽ የለዘበችው ይሄንን ስነግራት ነው።

ወደ አሜሪካው ልመለስ። «የሙዚቃ ዲግሪ» የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ባጭሩ ሦስት መንገድ አለው፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ልዩነቱን የሚያውቀው ልጁ ከገባ በኋላ ነው። ባችለር ኦፍ ሚዩዚክ በድምፅ ሲባል ዘፋኝነትን እንደ ሙያ መማር ነው። ከትምህርቱ ቢያንስ 65 በመቶው ሙዚቃ ይሆናል፤ ልኩን ያስቀመጠው ለሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ ማኅበር ነው። ባችለር ኦፍ አርትስ በሙዚቃ ከሆነ የሙዚቃው ድርሻ ከ30 እስከ 45 በመቶ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከሌላ ዘርፍ ጋር ደርቦ ለመማር ይመቻል። ሦስተኛው የሙዚቃ መምህርነት ነው። እሱ የድምፅ ትምህርቱም አለበት፣ የማስተማር ዘዴውም፣ ኳየር መምራቱም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቶ በተግባር ማስተማርና የስቴቱን የመምህርነት ፈቃድ ማውጣት አለ። ከሦስቱ ከባዱ እሱ ነው ባይ ነኝ። ግን «ተመርቀሽ ምን ልትሠሪ ነው?» ለሚለው የእናት ጥያቄ ቶሎ መልስ ያለውም እሱ ነው።

እኛ አካባቢ ላለ ሰው ምርጫው ሩቅ አይደለም። ባልቲሞር ላይ ፒባዲ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1857 የተቋቋመ፣ ዛሬ የጆንስ ሆፕኪንስ አካል የሆነ። ኮሌጅ ፓርክ ላይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፌርፋክስ ላይ ጆርጅ ሜሰን፣ ዲሲ ላይ ደግሞ ሃዋርድ አሉ። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ከሚገኙት የሀበሻ ቤቶች ቡናችሁን ጠጥታችሁ ትንሽ ወደ ላይ ብትራመዱ የምታገኙት ሃዋርድ፣ ጄሲ ኖርማን የምትባለው ታላቅ የኦፔራ ድምፅ በ1967 የተመረቀችበት ነው። ስንት ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደረስን። ቀኑ ነው። ለሌላው ትምህርት እስከ ጃንዋሪ ማመልከቻ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ለሙዚቃ ብዙ ጊዜ ዲሴምበር 1 ላይ ይዘጋል፣ አንዳንዱማ ከዚያም ቀደም ይላል። በሩ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፤ የሃይስኩል ውጤቷን፣ ድርሰቷን፣ የአስተማሪ ድጋፍ ደብዳቤዋን ያያል። ሌላው የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ነው፣ እሱ የሚያየው አዘፋፈኗን። በአንዱ አልፎ በሌላው መውደቅ አለ። ድምጿ ወርቅ የሆነች ልጅ በሂሳብ ውጤቷ የምትቀርበት ጊዜ አለ፣ ሁሉን ኤ ያመጣች ደግሞ ኦዲሽን ላይ፣ ማለትም የዘፈን ፈተናው ላይ ትቀራለች።

ታዋቂዎቹ ትምህርት ቤቶች ኦዲሽን ከመጥራታቸው በፊት ፕሪስክሪን ይጠይቃሉ። ቀድሞ የሚላክ የማጣሪያ ቪዲዮ ማለት ነው። ቪዲዮውን ካልወደዱት በአካል አይጠሯትም። ሕጉ ቀላል ይመስላል፦ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ፣ ፊትና አካል እየታየ፣ በፒያኖ ታጅቦ። የድምፅ ማሳመሪያ የለም፣ ማስተካከያ የለም።

እኛ ሳሎን ውስጥ ለመቅረጽ ወሰንን። ፒያኒስት ተለመነ፣ ኪቦርድ ተዋስን፣ እህቴ ሶፋውን ገፋች። ልጅቷ አራት ጊዜ ዘፈነች፣ አራተኛው በጣም አማረ፣ ተቃቀፍን። ማታ ቁጭ ብለን ስናዳምጠው ዘፈኑ መሃል ላይ «ጲጥ!» የሚል ነገር ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ጲጥ!»። ኮርኒስ ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ባትሪው አልቆ ኖሯል! ወር ሙሉ ሲጮህ ሰንብቶ እኛ ጆሯችን ለምዶት አንሰማውም። ቆርጠን እንዳናወጣው መቁረጥ ክልክል ነው። ፒያኒስቱ እንደገና የተገኘው ከ9 ቀን በኋላ ነው፣ ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው። ስለዚህ ቪዲዮውን ኦክቶበር ላይ ጨርሱት። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ካገኛችሁ ደግሞ ከሳሎን ይሻላል፣ ፍሪጁም አይጮህባችሁም።

ምን ይዘፈናል? ክላሲካል ፕሮግራም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ይጠይቃሉ፣ ሁሉም በቃል የተያዙ። አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ ጣሊያንኛ፣ ጠንከር ያለው ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ ይጨምራል። ፖፕ፣ ጎስፕል፣ የሰርግ ዘፈን እዚህ ቦታ የለውም። ጥሩ ስላልሆነ አይደለም፣ የሚፈተነው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ጣሊያንኛው ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ነገሩ አናባቢው ነው። የጣሊያንኛ አናባቢ ንጹህ ነው፣ ከተጀመረበት አይንሸራተትም። አሜሪካ ያደገ ልጅ ግን «ኦ» ሲል መጨረሻው ላይ ወደ «ው» ይሸሽበታል፣ ዘፈን ላይ ኖታው ሲረዝም ደግሞ ያ ሽሽት ፍንትው ብሎ ይሰማል። አስተማሪዋ ሦስት ሳምንት በዚህ ተሟገተቻት። አንድ ቀን እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ «እስኪ ‹ቶሎ› በይ» አልኳት። «ቶሎ» አለች። አስተማሪዋ ከፒያኖው ቀና ብላ «ይሄ ነው! ምንድነው ያልሽው?» አለች። ከዚያ በኋላ የጣሊያንኛውን «ኦ» ሁሉ በ«ቶሎ» ነው ያስተካከሉት። አማርኛ በዚህ በኩል ጠቅሞናል።

ልጅቷ ዩቲዩብ ላይ የሰማችውን ትልቅ የኦፔራ ዘፈን ካልዘፈንኩ ብላ ነበር። አስተማሪዋ እምቢ አለች፣ ልክም ነበረች። የ17 ዓመት ድምፅ ገና አልበሰለም። ከባድ የኦፔራ ድምፆች ሙሉ ለሙሉ የሚደላደሉት ሃያዎቹን ጨርሰው፣ እንዲያም ሲል ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብተው ነው። ፈታኝ ኮሚቴው ትንሽ ዘፈን በንጽህና ሲዘፈን መስማት ይመርጣል። በዚህ ዕድሜ ትልቅ አሪያ (የኦፔራ ዘፈን) ይዞ የመጣ ልጅ ጎበዝ ሳይሆን መካሪ ያጣ ነው የሚመስላቸው።

የማይክም ነገር አለ። ክላሲካል ዘፋኝ ያለ ማይክ ነው የሚሰለጥነው፣ ሙሉ ኦርኬስትራ ከፊቱ ቢኖርም። እንዴት ይሰማል ትሉ ይሆናል። በጩኸት አይደለም። ያልሠለጠነ ሰው ከጮኸ ኦርኬስትራው ይውጠዋል። የሠለጠነ ድምፅ፣ የወንዶቹ በተለይ፣ 3000 ኸርዝ (በሴኮንድ 3000 ንዝረት) አካባቢ ጉልበት ይሰበስባል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ የኦርኬስትራው ድምፅ ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ይወጣል። ይሄ የሚመጣው የጉሮሮና የአፍ ቅርፅ፣ የምላስ አቀማመጥና የትንፋሽ አያያዝ ሲገራ ነው። የድምፅ አውታር የሚባሉት እነዚያ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች መካከለኛዋን «ላ» የምትባለውን ድምፅ ስትዘፍኑ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ። ሰርግ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየጮኹ ማምሸት ለምን እንደሚጎዳቸው ከዚህ መገመት ነው። አስተማሪዋ ልጅቷን ከኦዲሽኑ በፊት የነበሩትን ሁለት ሳምንታት ሰርግ ከልክላታለች። እህቴ ከሰው ተጣላች።

ኦዲሽኑ ራሱ አጭር ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሦስት አራት አስተማሪዎች ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ብዙ ቦታ ፒያኒስት እነሱ ያዘጋጃሉ፣ አንተ ኖታውን በምትዘፍንበት ከፍታ፣ ንጹህ ኮፒ፣ ገጹ በቀላሉ በሚገለጥ ባይንደር ይዘህ ትመጣለህ። የመጀመሪያውን ዘፈን ራስህ ትመርጣለህ፣ ሁለተኛውን እነሱ ይመርጡልሃል። መሃል ላይ «አመሰግናለሁ» ብለው ካቆሙህ አትደንግጥ። ልጅቷን አቁመዋት እያለቀሰች ወጣች፣ በኋላ የተቀበላት ግን ያ ትምህርት ቤት ነው። የሚፈልጉትን ከሰሙ ጊዜያቸውን አያባክኑም፣ ሌላ ሃያ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሟል።

ከዘፈኑ በኋላ የሚመጣው ነው የኛን ልጅ ያስጨነቃት። ፒያኒስቱ አጭር ዜማ ይመታል፣ ደግመሽ ዝፈኝ ይሏታል። እሱ አላስቸገራትም፣ በጆሮ መያዝ የሷ ነገር ነው። ቀጥሎ ግን አይታው የማታውቀውን ኖታ ይሰጧታል፣ ግማሽ ደቂቃ ታየዋለች፣ ከዚያ ዝፈኝ። በዶ ሬ ሚ ማለት ነው። ለዚህ አምስት ወር ሙሉ ተለማምዳለች። ስትለማመድ ታዲያ አንድ የሚገርም ነገር አየን። «ዶ ሬ ሚ» ጥሩ ነው፣ «ሶል ላ» ጥሩ ነው፣ «ፋ» እና «ቲ» ላይ ስትደርስ ግን ትስታለች ወይ ትዘላቸዋለች። ቆይቶ ገባኝ። የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋና ቲ የሉበትም! ይህች ልጅ ማዕድ ቤት ውስጥ እናቷ ስታንጎራጉር እየሰማች ያደገችው ትዝታ ነው፣ ጆሮዋ እነዚያን ሁለቱን እንደ እንግዳ ነው የሚያያቸው። አስተማሪዋ ይሄን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ድምፆች ብቻ ለይታ አሠራቻት።

ቅላጼውም እንዲሁ። የኛ አዘፋፈን አንዱን ድምፅ ያዋዛዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያዞረዋል፤ እዚያ ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ነው የሚፈልጉት። ልጅቷ እንዳትተወው፣ ግን ለጊዜው ኪሷ እንድትከተው ተነገራት። በዚህ ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅም።

ገብታ አለቀ እንዳትሉ። መስፈርቱ ከመግባት በኋላ ነው የሚበዛው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የቲዮሪ (የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ) ፈተና አለ፣ ደካማ ከሆንሽ ክሬዲት የማይቆጠርበት መሰናዶ ክላስ ያስገቡሻል። ፒያኖ መቻል ግዴታ ነው። ኮንሰርት ድረስ አይደለም፣ ግን ስኬል (ድምፆቹን በቅደም ተከተል) መምታት፣ ቀላል ዜማ ማጀብ፣ ለራስ ማሟሟቂያ መጫወት፤ ይሄን ፈተና ሳያልፉ መመረቅ ብዙ ቦታ አይቻልም። ሃያ ዓመት የዘፈነ ሰው ሁለት እጁን ፒያኖ ላይ ማገናኘት አቅቶት አይቻለሁ። ከዚያ አነባበብ የሚባል ትምህርት አለ፤ የጣሊያንኛ፣ የጀርመንኛ፣ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ዘፈን ቃላት በዓለም አቀፉ የፎኔቲክ ፊደል እየተጻፉ አንድ በአንድ ይጠናሉ። ቋንቋውን መናገር ሌላ ነው፣ እሱም አንድ ሁለት ሴሚስተር ይጠየቃል።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ጁሪ አለ። የድምፅ አስተማሪዎቹ ይሰበሰቡና የተማርሽውን በቃልሽ ትዘፍኛለሽ፣ ነጥብ ይሰጣል። ሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ያለው ጁሪ ብዙ ቦታ ወንፊት ነው፤ እሱን ያላለፈ «ዲግሪ ቀይር» ይባላል። ከዚያ ሪሳይታል፣ ብቻዋን መድረክ ላይ የምታቀርበው። ዘፋኝነቱን የሚማሩት በተለምዶ በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ሰዓት፣ በአራተኛው ወደ አንድ ሰዓት፣ በሦስት አራት ቋንቋ፣ ሁሉም በቃል።

ክሬዲቱ ያታልላችኋል። ኳየር በሳምንት አራት አምስት ሰዓት ይለማመዳሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን 1 ክሬዲት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ዜሮ። ልጅቷ የመጀመሪያ ሴሚስተሯን 16 ክሬዲት ብላ ይዛ የክላሶቿ ብዛት አሥር ሆነ። እናቷ «16 ክሬዲት ይዘሽ ለምን ሥራ አትጨምሪም?» ስትላት ስልኩን ከፍታ የሳምንቱን ፕሮግራም አሳየቻት። እህቴ ቁጭ ብላ ቆጠረችው፣ ምንም አልተናገረችም፣ በሚቀጥለው እሁድ ምግብ ቋጥራ ዶርም ድረስ ወሰደችላት።

ክላሲካሉ ለማይሆነው ልጅስ? ሌላ መንገድ አለ። ቦስተን ያለው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ጃዝን፣ ፖፕን፣ አር ኤንድ ቢን ነው የሚያስተምረው፣ ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት ማለት ነው። እዚያ የጣሊያንኛ ዘፈን አይጠይቁም። ራስህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ዘፈን ትዘፍናለህ፣ ከዚያ ያላዘጋጀኸውን እዚያው ፈጥረህ እንድትዘፍን ይሉሃል፣ ጆሮህን ይፈትናሉ፣ ቀጥሎ ቁጭ ብለው ያነጋግሩሃል። ቀለለ እንዳትሉ፤ ከተጻፈ ኖታ ተለማምዶ ለመጣ ልጅ ያ ድንገተኛ ፈጠራ ከኖታ ንባብ ይብሳል። ከኛ ሰፈር ልጆች ግን ለብዙዎቹ ይሄኛው የሚቀርብ ይመስለኛል።

የገንዘቡ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ኦዲሽኑ መግቢያ ብቻ ሳይሆን የሙዚቃ ስኮላርሺፕም የሚወሰንበት ነው። ከዩኒቨርሲቲው እርዳታ ለብቻው የሚሰጥ ነው፣ በጀቱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ምን ዓይነት ድምፅ እንደጎደለው ታይቶ ይወሰናል። ሶፕራኖ (ከፍ ያለው የሴት ድምፅ) ሁሌም ይበዛል፣ ቴነር (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) ሁሌም ያጥራል። ወንድ ልጃችሁ ቴነር ከሆነ አጋጣሚው የናንተ ነው። ያነሰ ከሰጡ ደግሞ መደወል ነውር አይደለም፤ ሌላ ትምህርት ቤት የሰጠውን ደብዳቤ አያይዞ «ልትጨምሩልን ትችላላችሁ?» ማለት የተለመደ ነው። እህቴ ይሄንን «ልመና» ብላ ሁለት ሳምንት ከለከለችን። ተማሪው እገባለሁ ብሎ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን በተለምዶ ሜይ 1 ነው፣ እኛ ኤፕሪል 27 ላይ ደወልን፣ ጨመሩ።

ብዙ ቤተሰብ «ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማርና ይዛወራል» ይላል፣ ለሌላው ዘርፍ ጥሩ ዘዴ ነው። ለሙዚቃ ግን ተጠንቀቁ። ሲዛወር እንደገና ኦዲሽን ያደርጋል፣ የቲዮሪውን ፈተና እንደገና ይፈተናል፣ ከወደቀ ያንኑ ቲዮሪ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ቲዮሪው ደግሞ አራት ሴሚስተር ተከታትሎ የሚሄድ ስለሆነ ሁለት ዓመት ተማርኩ ያለው ልጅ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ የምትዛወሩበትን ዩኒቨርሲቲ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ጠይቁ፣ የትኛውን ክላስ እንደሚቀበሉም በኢሜይል አስጽፋችሁ ያዙ።